መናኸሪያው ላይ ማን ይቆማል?

(አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለመቀበል ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ዛሬ ከሶላት በኋላ እንድትቆዩልን የጠየቅነው ስለ ኮሚቴዎቻችን ጉዳይ ልንነግራችሁ አይደለም። እሱን የፊታችን ጁሙዓ እንመለስበታለን፤ በሐምሌ 2004 የታሰሩትን ወንድሞቻችንን የምንረሳ አይደለንም። የዛሬው ጉዳያችን አልጋ ነው። አዎ፣ አልጋ። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ግድ የለም፣ ትንሽ ታገሱን።

ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ማታ ቴሌቪዥን የከፈታችሁ ሰምታችኋል። ዩኒቨርሲቲዎቹ አዲስ የተመደቡ ተማሪዎችን መጥራት ጀምረዋል። የኛ ከተማውም ጠርቷል፤ ምዝገባው ሰኞና ማክሰኞ ነው። ከሐሙስ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለው ጊዜ ሦስት ቀን ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ጁሙዓ፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው ናቸው።

አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን ምን ማድረግ እንዳለበት አስቡት። ከወረኢሉ ወይም ከሐርቡ ገጠር የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ጥሪውን መስማት አለበት፤ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ደግሞ ቴሌቪዥን የለም። ከሰማ በኋላ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃውን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይዞ መገኘት አለበት። ትራንስክሪፕቱን የሚሰጠው ርዕሰ መምህር ቅዳሜ ቢሮ አይገባም። አባት ለመንገዱ በግ ሊሸጥ ቢነሳ የገበያው ቀን ገና ነው፤ ስለዚህ በጓ ለጎረቤት በግማሽ ዋጋ ትሄዳለች። እናት ሌሊቱን በሶ ስትፈጭና ቆሎ ስትቆላ ታድራለች። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንድ ቀን ይበላል። መርካቶ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አድሮ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ይሰለፍና ወደኛ የሚመጣውን መኪና ይይዛል። እዚህ ሲደርስ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ የመጣ፣ በሕይወቱ ከወረዳው ወጥቶ የማያውቅ፣ የማንንም ስልክ ያልያዘ ልጅ ነው። ዓርብ ጎህ ሲቀድ የተነሱት የመጀመሪያዎቹ ትናንት ማታና ዛሬ ገብተዋል። ዋናው ጎርፍ ነገ እሁድ ከዓስር በኋላ ነው የሚመጣው። ዛሬ የጠራናችሁ ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ብዙዎቻችሁ በወሬ ሰምታችኋል። እኛ እንደሆነው እንንገራችሁ፤ የራሳችንም ጥፋት ስላለበት ደብቀነው ቆይተናል።

ስሟን አንጠራም። ከወሎ ገጠር የመጣች እህታችን ናት፤ ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ነበረች። አጎቷ አዲስ አበባ ድረስ አብሯት መጣ፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰው የሚሆን ብር ስላልነበረ ብቻዋን አሳፍሯት ተመለሰ። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ መኪናው ስለዘገየ እዚህ ስትደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ግቢው ሄደች። ጥበቃው “ምዝገባ ነገ ነው፣ መታወቂያ የሌለው አይገባም” ብሎ መለሳት። ታዞ ነውና እሱን አንወቅስም። ወደ መናኸሪያው ተመለሰች። አልጋ ቤቶቹ ያን ሌሊት ዋጋ ጨምረዋል፤ ደግሞም ሴት ልጅ ብቻዋን የምታድርባቸው ዓይነት አይደሉም። ጥግ ላይ ሻይ አፍልተው የሚሸጡ አንዲት እናት አጠገባቸው አስቀመጧት፣ በራሳቸው ጋቢ አለበሷት፣ እስኪነጋም አብረዋት ቁጭ አሉ። እኚህ እናት ክርስቲያን ናቸው። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው።

በዚያች ሰዓት እኛ የት ነበርን? እዚሁ መስጂድ ነበርን። ለጁሙዓው ተቃውሞ እየተዘጋጀን ነበር፤ ወረቀቱን ማን እንደሚይዝ፣ የቱ በር ላይ ማን እንደሚቆም፣ ግፊያ እንዳይፈጠር እናቶችን በየት በኩል እንደምናስወጣ እየተመደብን ነበር። ተክቢራ ለሚያስጀምረው አንድ ወንድም ሦስት ተጠባባቂ መድበንለታል። መናኸሪያው ላይ የቆመ ግን አንድም ሰው አልነበረንም።

በማግስቱ ለምዝገባ ተሰለፈች። ያመጣችው ፎቶ ጆሮ አያሳይም ተብላ ተመለሰች። ፎቶ ቤት ፈልጋ ሌላ ተነስታ ስትመጣ ከሰዓት ሆኗል። ቀጥሎ አንድ ወረቀት ሰጧትና “ስለ አለባበስ ነው፣ ካልፈረምሽ ዶርም አይደርስሽም” አሏት። ምን እንደሚል ጠየቀች። ከኋላዋ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ያነበበላትም ሆነ ጊዜ የሰጣት የለም። ሒጃቧን ለማውለቅ እንደምትፈርም መሰላት። ሳትፈርም ወጣች። ያን ቀንም ማደሪያ አልነበራትም፤ በቀራት ብር በነጋታው ተሳፍራ ወደ አገሯ ተመለሰች።

እኛ የሰማነው በአራተኛው ቀን ነው፣ እሱንም ከሻይ ሻጯ እናት። ስልኳን አፈላልገን ስናገኛት ቤቷ ገብታለች። ከዚያ ሌላ ተማሪ ያንኑ ወረቀት አምጥቶ አሳየን። አነበብነው። ወረቀቱ የሚለው ስለ ፊት መሸፈኛ፣ ማለትም ስለ ኒቃብ ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ኒቃብ አትለብስም።

የኒቃቡን ክልከላ አንቀበለውም፤ ለብሰው የሚማሩ እህቶቻችንን ጉዳይ በሕግ መከራከራችንን እንቀጥላለን። ግን ያቺ ልጅ የተመለሰችው በማይመለከታት ወረቀት ነው። አጠገቧ ቆሞ የሚያነብላት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ትማር ነበር። አሁን ከሚሴ ውስጥ የዘመድ ሱቅ ትጠብቃለች። በረመዳን ደውለን ይቅርታ ጠየቅናት። “እናንተን እኮ አላውቃችሁም ነበር፣ በምን አጠፋችሁ?” አለችን። በቁጣ አልተናገረችም፤ የሷ አለመቆጣት ግን ለኛ ከወቀሳ የከበደ ነበር።

ጀመዓዎች! ደርሶ የመጣን እንግዳ ተማሪ መቀበል ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። መዲና ውስጥ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ኋላው ላይ ጣሪያ ያለው ጥላ ነበረው፤ ሱፋ ይባላል። ቤትና ዘመድ የሌላቸው ድሆች እዚያ ያድሩ፣ እዚያ ይማሩ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከእነሱ አንዱ ናቸው። ብዙ ሐዲስ ያስተላለፉልን እኚያ ሰሓባ በዛሬው አነጋገር የዶርም ተማሪ ነበሩ ብንል ብዙም አልራቅንም። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ባዶ እጃቸውን ሲመጡ ነቢዩ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ንብረታቸውን እኩል ሊያካፍሉ አቀረቡ። ዐብዱረሕማን መርቀዋቸው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያመለክቷቸው ጠየቁ። ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁሌም የምናደንቀው የሰዕድን ቸርነት ነው፤ ዛሬ ግን ሌላውን ጎን እዩት። ለእንግዳው የጠቀመው መንገዱን ያሳየው ሰው ማግኘቱ ነው። ነገ ማታ የሚወርዱት ልጆችም አብዛኞቹ የሚፈልጉት ብራችንን አይደለም።

በአገራችንም ደረሳን እናውቃለን። አባቶቻችን ወደ ዳና፣ ወደ ጃማ ንጉሥ ለቂርዓት ሲሄዱ በእግራቸው ነበር፣ የሚያውቁት ሰውም አልነበረም። ጎጆ ተቀልሶላቸው፣ የአካባቢው ሰው ከጓዳው እያካፈላቸው ዓመታት ተቀምጠው ተማሩ። ከመካከላችሁ በደረሳነት ያደጋችሁ ሽማግሌዎች አላችሁ። እንጀራ ያቀበለቻችሁን እናት ስም እስከ ዛሬ በዱዓ እንደምታነሱ እናውቃለን። የዛሬው ተማሪ መጽሐፉ ተለወጠ እንጂ ያው ደረሳ ነው።

አንዳንድ ወላጆች የሚሉት አለ፤ እሱን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። “መንግሥት ያበላዋል፣ ያስተኛዋል፤ የታዘዘውን አድርጎ ዝም ይበል” ይላሉ። ይህ ስህተት ነው። ተማሪው ሲመዘገብ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በደንቡ መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። ስለዚህ አልጋዋ በዱቤ የተወሰደች እንጂ ምጽዋት አይደለችም። ልጆቻችሁ ይህን አውቀው ይሂዱ፤ አንገታቸውን ደፍተው እንዳይገቡ፣ የሌላውም ባለዕዳ እንደሆነ አውቀው እንዳይታበዩ።

ሌሎች ደግሞ “ሴት ልጄ ከዚህ ሁሉ ብትቀርብኝስ” ይላሉ። ፍርሃቱን እንረዳለን። ነገር ግን ልጆቻችን በገዛ እጃችን ከቀሩ፣ ነገ ሐኪም ቤት ስንሄድ የምታክመን ሙስሊም ሴት፣ ፍርድ ቤት ስንቆም የምትከራከርልን ጠበቃ ከየት ትመጣለች? ለወንድሞቻችን ጠበቃ ፍለጋ ስንዞር ያየነውን እኛ እናውቀዋለን።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመያዝና የመተግበር መብትን ይሰጣል። በዚያው አንቀጽ መጨረሻ ይህ መብት ሊገደብ የሚችልበት ሁኔታም ተጽፏል፤ ገደቡ በሕግ የተደነገገ መሆን አለበት፣ ለሕዝብ ደህንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት እና ለመሳሰሉት አስፈላጊ መሆን አለበት ይላል። “ትምህርት” የሚለው ቃል እዚያ መኖሩን አትደብቁ፤ ተቃራኒያችሁ ያነሳዋልና። ጥያቄያችን ሒጃብ የለበሰች፣ በዶርሟ ጥግ ለአምስት ደቂቃ የሰገደች ልጅ የማንን ትምህርት ነው ያወከችው የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ግን ትናንት የገባው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መሆን የለበትም። እሱ የሚያደርገው ትንሽ ነው፦ የተሰጠውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያንብብ። ካልገባው ለማንበብ ጊዜ ይጠይቅ፣ ኮፒ ይጠይቅ። ከጥበቃ ጋር አይጨቃጨቅ። የከለከለውን ሰው ኃላፊነት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ። አቤቱታውን በጽሑፍ ለተማሪዎች ዲን ያስገባ፣ ቅጂውን ያስቀር። የቀረውን በሕግ የተማሩ ወንድሞች ይዘውታል።

አሁን ወደ ነገው ሥራ እንምጣ። መናኸሪያው ላይ ከዓስር ጀምሮ የመጨረሻው መኪና እስኪገባ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶች በየፈረቃው ይቆማሉ። ለእህቶቻችን የሚቀርቡት እህቶች ብቻ ናቸው። ሸምገል ያሉ እናት ቢኖሩበት ይመረጣል፤ ከማታውቀው መንገድ የወረደች ልጅ “ነይ ልውሰድሽ” የሚላትን ወጣት ሁሉ አምና ብትከተል እኛም አንወድም። መጀመሪያ ከቤተሰቧ ጋር በስልክ አገናኟት፤ አባቷ የሚያስተናግዷትን ሰው ድምፅ ይስሙ፣ ቤቱ የት እንደሆነ ይወቁ። ወንዶቹ መድረሳው ውስጥ በፍራሽ ያድራሉ። ሴቶቹ በቤተሰብ ቤት ነው የሚያድሩት፣ ሴቶች ባሉበት ቤት ብቻ።

አብሮ የወረደ ክርስቲያን ልጅ ማደሪያ አጥቶ ቢቆም እሱንም ይዛችሁት ኑ። ያቺ ሻይ ሻጭ እናት ያደረጉትን አይተናል። ወይም ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ እንደኛው የሚቀበሉ አሉና አድርሱት።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። ወጣቶች፣ በተለይ እናንተ! የተቃውሞ ወረቀት፣ የተቃውሞ ምልክት ይዛችሁ መናኸሪያ እንዳትሄዱ። አዲሱ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ። ሦስቱ ጥያቄዎቻችን ትክክል ናቸው፣ የምናፍርባቸውም አይደሉም። ነገር ግን ነገሩ ሳይገባው፣ ገና አልጋውን ሳያውቅ በእጁ ላይ በተገኘ ወረቀት ልጁ ከግቢ ቢባረር ለእናቱ ምን ብለን እንመልሳለን? አውቆና አስቦ ከኛ ጋር ለመቆም ሲፈልግ መስጂዱን ያውቀዋል። ነገ መንገደኛ ነው፤ ሸሪዓችን ጾምና ሶላት ያቀለለለት መንገደኛ። ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች አንዱም መንገድ ላይ የቸገረው ሰው ነው፤ ዘካ ያለባችሁ ነጋዴዎች ለነዚህ ልጆች ማዋል ስለመቻሉ ኢማማችንን ጠይቁ፣ እዚሁ አሉ።

ሰኞና ማክሰኞ ምዝገባው በር አካባቢ ነባር ተማሪዎቻችን ይኖራሉ። የነሱ ሥራ ወረቀት ማንበብ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤትና ፎቶ ቤት ያላችሁ ወንድሞች በነዚህ ሁለት ቀናት በጠዋት ክፈቱ፣ ዋጋ አትጨምሩ። ባለፈው ዓመት ጨምራችኋል። ስም አንጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ዶርም ከገቡ በኋላ ስለሚሆነውም ነባሮቹ ንገሯቸው፤ እኛ ከምንለው እናንተን ይሰማሉ። ሎከሩ ጓጉንቸር ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሳይገዙ እንዳይገቡ፣ ስልክ የሚጠፋው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ውሃ በማታ ስለሚቋረጥ ለሱብሒ ውዱእ በሃይላንድ ቀድተው ይተኙ። ከተደራራቢው አልጋ የታችኛው ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ሌሊት የሚነሳ ሰው ከላይ ሲወርድ ክፍሉን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ስምንት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ በሶውን አውጥተው ያካፍሉ፣ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ። አንዲት እህታችን የነገረችን አለ። ከበላይዋ የምትተኛው የጎጃም ልጅ በጾሟ ጊዜ ሌሊት ለጸሎት ትነሳለች፣ እሷ ደግሞ ለሱብሒ ትነሳለች። ሁለቱ ተስማምተው በአንድ የስልክ ማንቂያ ይነሳሉ፤ ቀድማ የነቃችው ሌላዋን ትነካታለች። የነጃሺን ታሪክ በየመድረኩ እናወራለን፤ እነዚህ ልጆች ሳያወሩ እየኖሩት ነው። ግቢ ውስጥ ከሌላው ጋር ተጣልተው እንዲኖሩ የሚመክር ሰው ቢመጣባቸው፣ ከየትም ወገን ይሁን፣ አይስሙት።

ለዒሻ አዛን ሩብ ሰዓት ያህል ቀርቶናል። መዝገቡ በሙአዚናችን እጅ ነው። የተማሪ ስም አይጻፍበትም፣ የኛ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ማንም መጥቶ ቢያየው የምንደብቀው የለንም። የመጀመሪያው ገጽ መናኸሪያ የሚቆሙ ሰዎች ፈረቃ ነው። ሁለተኛው ሴት ተማሪ የሚያሳድሩ ቤቶች ነው፤ እስካሁን አራት ብቻ ተመዝግበዋል፣ ቢያንስ አሥር ያስፈልገናል። እናቶች በመጋረጃው በኩል መዝገቡ ይደርሳችኋል። ሦስተኛው ፍራሽና ብርድ ልብስ ነው፤ ያላችሁ ነገ ከዙህር በፊት መድረሳው ድረስ አምጡ፣ ስማችሁን ጥጉ ላይ ጻፉበት፣ ረቡዕ ትወስዳላችሁ። ሻይ የሚያፈሉት እናት ዘንድሮም ያው ቦታ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት ሄደን ነግረናቸዋል፣ ወንበር ጨምረን እንድናመጣላቸው ብቻ ነው የጠየቁን። የወንበሩን ነገር ሱቁ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ወንድማችን ይያዘው። እስክርቢቶው ከፊተኛው ሰፍ ጀምሮ እየዞረ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።